ከማሞቂያው ጀርባ ያለው መስመር

ታንከር የሌለው የውሃ ማሞቂያ ዛሬ የሚሸጠው እንደ አዲስ ፈጠራ ነው፤ ባለታንከሩ ቦይለር ደግሞ ጊዜ እንዳለፈበት ዕቃ ይታያል። ታሪኩን ላጤነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤንጃሚን ሞን የተባለ የለንደን ቀለም ቀቢ እ.ኤ.አ. በ1868 «ጋይሰር» ብሎ የሰየመው የጋዝ ማሞቂያ ውሃውን የሚያሞቀው ሳያጠራቅም፣ እየፈሰሰ ሳለ ነበር። ጭስ ማውጫ ስላልነበረው በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደገኛ ነበር። በ1894 ዮሐን ቫይላንት በጀርመኗ ሬምሻይድ የተቃጠለው ጋዝ ከውሃው ጋር የማይገናኝበትን ዝግ ማሞቂያ በስሙ አስመዘገበ፤ በ1905 ደግሞ ድርጅቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ሰዎች ብልሃተኞች ነበሩ፤ ሆኖም ብልሃታቸው ሥር የሰደደው ቀድሞ በተዘረጋ ቧንቧ ላይ ነው። ለንደን የጋዝ ኩባንያ ያቋቋመችው በ1812 ነበርና፣ ሞን ሲነሳ እሳቱ በየቤቱ ደጃፍ ደርሶ ይጠብቀው ነበር።

የእኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ ከባለታንከሩና ከታንከር አልባው የትኛው ቤት ውስጥ እንደሚገባ የወሰነው የዕቃው ዘመናዊነት ሳይሆን ከግድግዳው ጀርባ ያለው የኃይል መስመር ነው። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያፈስ ሻወርን ሙቀት በ25 ዲግሪ ለማሳደግ ከ10 ኪሎዋት በላይ ያስፈልጋል፤ ይህም በ220 ቮልት 48 አምፔር ገደማ ይስባል። 1.5 ኪሎዋት ብቻ የሚወስድ የ50 ሊትር ቦይለር ግን በተራ የቤት መስመር ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል ውሃውን በ40 ዲግሪ ያሞቃል። የጋዝ ቧንቧ ባልተዘረጋባት አዲስ አበባ ቦይለር የተለመደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ታንከሩ ደካማውን መስመር በጊዜ ይክሰዋል።

«ታንከር ሙቀት ያባክናል» የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ የሞቀ ውሃ ቆሞ ሲያድር ይቀዘቅዛል። ይህ ብክነት ግን ከባድ የሚሆነው ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ በሚሠራ ማሞቂያ ላይ ነው። ከመታጠብ በፊት አብርቶ ውሃው ሲሞቅ ማጥፋት ብክነቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ መብራት ቢሄድ እንኳ የሞቀው ውሃ ታንከሩ ውስጥ አለ።

«መስመሩ ወሳኝ ከሆነ፣ ጋዝ በሞላባት አሜሪካ ታንከር ለምን በዛ?» ብሎ የሚጠይቅም ይኖራል። የጋዝ መኖር ብቻውን አይበቃም፤ መጠኑም ይቆጠራል። የተለመደው የአሜሪካ ባለታንከር ማሞቂያ የሚያቃጥለው 12 ኪሎዋት ያህል ሲሆን፣ ቤቱን ሁሉ የሚያዳርሰው ትልቁ ታንከር አልባ ደግሞ ወደ 58 ይደርሳል። ለመጀመሪያው ተለክቶ የገባ ቀጭን ቧንቧ ሁለተኛውን ላይመግብ ይችላል። ስለዚህ አሮጌው ሲበላሽ ወደ ታንከር አልባ መዞር የሚፈልግ ባለቤት ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ቧንቧውንና ጭስ ማውጫውንም ለመቀየር ሊገደድ ይችላል፤ ብዙውም ወጪውን አስቦ ሌላ ታንከር ያስገጥማል።