ዶላርና ብር በአሊዩ አምባ ገበያ

ከአንኮበር በስተ ምሥራቅ ቁልቁል፥ ወደ ይፋት ቆላ በሚወርደው አፋፍ ላይ የምትገኘው አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአዳልን በረሓ የሚያቋርጠው ሲራራ ነጋዴ መድረሻው እርስዋ ነበረች፤ ገበያዋም ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። በአጠገብዋ ባለው በዐብዱል ረሱል ደግሞ፥ ለመናገር ቢከብድም፥ ሰው ይሸጥ ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ዓመት በዚህች ከተማ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ የነገሩን ሁሉ ዋጋ ሲናገር ደጋግሞ «ዶላር» ይላል። የዛሬ አንባቢ ይህን ሲያይ የአሜሪካ ገንዘብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አይደለም። ጆንስተን የሚናገርላት የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸባት፥ ዘወትር 1780 የሚል ዓመት የምትይዘው፥ የእኛ ሰው ጠገራ ብር የሚላት ናት።

የስሙ መነሻ ለካህናት እንግዳ አይሆንም። በቦሔምያ አገር የእመቤታችን አባት የቅዱስ ኢያቄም ስም የተሰጠው ሸለቆ አለ፤ በጀርመን ቋንቋ ዮአኪምስታል ይባላል፥ «ታል» ማለት ሸለቆ ነውና። በዚያ የብር ማዕድን ስለ ተገኘ የሽሊክ መሳፍንት በ1520 ገደማ የቅዱሱን ሥዕል የያዘ ትልቅ የብር ገንዘብ አሠሩ። ሕዝቡም ገንዘቡን «ዮአኪምስታለር» አለው፤ ስሙ ስለ ረዘመ ግን «ታለር» ብሎ አሳጠረው። እንዲህ የጻድቁ ስም ወድቆ ሸለቆው ብቻ ቀረ። ቃሉ በሆላንድ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝ ሲገባ «ዶላር» ሆነ፤ ሼክስፒርም በማክቤዝ ድርሰቱ አግብቶታል። በኋላ እንግሊዞች የእስፓንያንም ገንዘብ፥ ሌላውንም ትልቅ የብር ገንዘብ በዚሁ ስም ጠሩት። የአሜሪካ ሸንጎ በ1785 የወሰደው ይህንኑ የተለመደ ስም ነው። በቀይ ባሕር ማዶ ያሉ ዐረቦች ግን ያችኑ የማርያ ቴሬዛን ገንዘብ ሪያል አሏት፤ ይህም ከእስፓንያ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ንጉሣዊ ማለት ነው።

የእኛ ሰው ሸለቆውንም ንጉሡንም ትቶ የያዘውን ነገር ጠራ። ብር ከግዕዙ «ብሩር» የወጣ የማዕድኑ ስም ነው፤ የብር መስቀል፥ የብር ጽና እንዲሉ። ዳግማዊ ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈበትን ገንዘባቸውን በፓሪስ ባሠሩ ጊዜም ስሙ ብር ነበረ፥ ነገሩም ብር ነበረ።

ስምና ነገር የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የታተመው ወረቀት በአማርኛ ብር፥ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ዶላር ተባለ፤ ሁለቱ ስሞችም በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ። ከዚያ ገንዘብ ሁሉ እውነተኛ ብር ያለበት የአምሳ ሳንቲሙ ብቻ ነበረ። በ1969 ዓ.ም. የእንግሊዝኛውም ስም ብር ሆነና ዶላር ለባዕድ ገንዘብ ብቻ ቀረ።

ስለዚህ በወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የዚያ ዘመን የርስት ሽያጭ «በአሥር ብር» ቢል፥ አንዱ ጠገራ 28 ግራም ስለሚመዝን የተከፈለው 280 ግራም ያህል ነው፤ ይህን ሳያስብ በዛሬው ወረቀት የሚቈጥር ሰው ሻጩን ሞኝ ያደርገዋል። የይሁዳም ሠላሳ ብር እንዲሁ ነው። ግዕዙን የሚያውቅ አይሳሳትም፤ በአማርኛ ብቻ የሰማ ልጅ ግን የማይረባ ጥቂት ገንዘብ ይመስለዋል። ሠላሳ ብር በኦሪት ዘፀአት በ21ኛው ምዕራፍ፥ በሬ ወግቶ ለገደለው ባሪያ ለጌታው የሚከፈል ካሳ ነው።