ማማውና ሻጋታው፦ በአፓላቺያን ተራሮች የአካባቢ ሕመም ታሪክ

(ለታሪክ ትምህርት ክፍል መምህራንና ተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ጽሑፍ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ሰው «ያመመኝ የምኖርበት ቦታ ነው» ሲል ቃሉን እንዴት እንመዝነዋለን? ማንስ ይመረምረዋል? የዛሬው ንግግሬ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄውን በአንድ ተራራማ አገር፣ በምሥራቅ አሜሪካ በሚገኙት የአፓላቺያን ተራሮች፣ በሁለት ተከሳሾች በኩል እከታተለዋለሁ። አንደኛው በተራራ ጫፍ የሚቆመው የማይክሮዌቭ ማማ ነው፤ ሁለተኛው በቤት ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሞገድ በዓይን አይታይም፤ አየር ላይ የሚንሳፈፈው የሻጋታ ዘርም አይታይም። ሁለቱም የሕዝብ መነጋገሪያ የሆኑት በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ብዙ ጊዜም ክሱ ከአንድ ሕመምተኛ አፍ ይወጣል፤ ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሐሳብ መበታተን። ሆኖም ከጊዜ በኋላ ማስረጃው ሁለቱን ተከሳሾች ለያይቷቸዋል። እንዴት እንደለያያቸው ማየት፣ የሰውን ምስክርነት በምን መልክ መያዝ እንዳለብን ያስተምረናል ብዬ አምናለሁ።

ማማው ወደ ተራራ የወጣበት ምክንያት

ማይክሮዌቭ በቀጥታ መስመር የሚጓዝ ሞገድ ነው። ተራራ ይጋርደዋል፤ የምድርን ክብነት ተከትሎም አይታጠፍም። ስለዚህ አስተላላፊ ማማዎች እርስ በርስ በሚተያዩበት ከፍታ ላይ መተከል ነበረባቸው። በነሐሴ 1951 ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ ከኒውዮርክ እስከ ሳንፍራንሲስኮ የዘረጋው መስመር ሥራ ሲጀምር፣ በየ50 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የተተከሉ 107 ጣቢያዎች ነበሩት። ከዚያ በኋላ ተራራ የመገናኛ መንገድ ሆነ። ለተራራው ነዋሪ ግን ማማው ሳይጠየቅ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ባለቤቱ ሩቅ፣ ሥራው የማይታይ፣ ቁመናው ግን ከየትም የሚታይ።

ፍርሃቱን ከድንቁርና የመነጨ ብቻ አድርጎ መተረክ ለሰነዱ ታማኝ አይሆንም። በ1950ዎቹ የሶቪየት ኅብረት ሐኪሞች በራዳርና በሬዲዮ መሣሪያ አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች የሚያሰሙትን የራስ ምታት፣ የድካምና የእንቅልፍ ማጣት አቤቱታ መዝግበው «የማይክሮዌቭ ሕመም» የሚል ስም ሰጡት። በዚህም መነሻ ለሠራተኛ የሚፈቀደውን መጠን በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ማይክሮዋት ላይ ወሰኑ። አሜሪካ በ1966 የወሰነችው ግን 10 ሚሊዋት ነበር፤ ልዩነቱ አንድ ሺህ እጥፍ ነው። አሜሪካውያን መለኪያ ያደረጉት ሞገዱ ሥጋን የሚያሞቅበትን መጠን ሲሆን፣ ሶቪየቶች የነርቭ አቤቱታንም ይቆጥሩ ነበር። ይህን የሰማ ዜጋ «ከሁለቱ ማን ነው ልክ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ጥያቄውን ወደ ጥርጣሬ የቀየረው ግን ምስጢር ነው። በሞስኮ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ሕንፃ ከ1953 ጀምሮ ማይክሮዌቭ ሲላክበት ቆይቶ፣ ሠራተኞቹ በይፋ የተነገራቸው በ1976 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጋዜጠኛው ፖል ብሮደር መንግሥትና ኢንዱስትሪ የሞገድን አደጋ ሸሽገዋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው አብርሃም ሊሊየንፌልድ የሞስኮ ሠራተኞችን በሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ ከተሞች ካገለገሉት ጋር አነጻጽሮ በ1978 ባቀረበው ጥናት፣ ጤናቸው በሞገዱ ምክንያት ስለመታወኩ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ነገር ግን ጥናቱ የደረሰው እምነት ከፈረሰ በኋላ ነበር። በሞስኮ ታሪክ ሞገዱ ያደረሰውን ጉዳት በሰነድ ማሳየት አልተቻለም፤ ምስጢሩ ያደረሰውን ጉዳት ግን ማሳየት ይቻላል።

ጸጥታን ፍለጋ

ተራራ ማማን ያነሣል ብያለሁ። ያው ተራራ ሞገድን ይጋርዳልም። በ1956 የአሜሪካ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች በዌስት ቨርጂኒያ፣ በፖካሆንታስ ካውንቲ የምትገኘውን ግሪን ባንክ የተባለች ትንሽ የገጠር ስፍራ የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ዙሪያዋን የከበቡት ተራሮች ከከተማ የሚመጣውን የሬዲዮ ጫጫታ ይከለክሉላታል። በ1958 የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው «ብሔራዊ የሬዲዮ ጸጥታ ቀጠና» አቋቋመ። በ1960 ፍራንክ ድሬክ ከሌሎች ዓለማት ምልክት ይመጣ እንደሆነ ለማድመጥ የመጀመሪያውን ፍለጋ ያደረገው በዚሁ ስፍራ ነው። በ2000 የተመረቀው ታላቁ ቴሌስኮፕም 100 በ110 ሜትር የሚሰፋ ሳሕን አለው።

እንግዲህ ሕጉ የወጣው ለቴሌስኮፑ ጆሮ ሲባል ነበር። ለሰው ጤና የታሰበ አንቀጽ አልነበረውም። ይሁን እንጂ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ፣ ተንቀሳቃሽ ስልክና ዋይፋይ በየከተማው በተስፋፋበት ጊዜ፣ ሞገድ ያሳምመናል የሚሉ ሰዎች ከተለያዩ ግዛቶች ወደ ግሪን ባንክ መምጣት ጀመሩ። ሥራቸውን፣ ቤታቸውን፣ አንዳንዶቹም ቤተሰባቸውን ትተው ነው የመጡት። ከአገሬው ነዋሪ የተቀበላቸው ነበረ፤ በጋራ ስፍራዎች መብራትና መሣሪያ ይጥፋልን ባሉ ጊዜ የተቆጣም ነበረ። ለሳይንስ ተብሎ የተከለለ ምድር እንዲህ የስደተኞች መጠጊያ ሆነ።

ለታሪክ ተመራማሪ ፈታኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። ከመጡት ብዙዎቹ ሕመማቸው እንደቀለላቸው መስክረዋል። ቀጠናው ግን ከሞገድ ፍጹም የጸዳ አይደለም፤ የአደጋ ጊዜ መገናኛ ሬዲዮ ይፈቀዳል፣ የሳተላይት ሥርጭትም ከሰማይ ይወርዳል። ጋዜጠኛው ስቲቨን ኩርዚ በ2021 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በብዙ የነዋሪ ቤቶች ውስጥ ዋይፋይ ይሠራ ነበር። ምስክርነቱና ልኬቱ አልገጠሙም።

በቤተ ሙከራ የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ሞገድ ያመኛል የሚል ሰው በአንድ ክፍል ይቀመጣል። መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ይከፈታል፣ አንዳንድ ጊዜ ይዘጋል፤ መቼ እንደተከፈተ ግን ተቀማጩም ሞካሪውም አያውቁም። በ2005 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች 725 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 31 ሙከራዎች በአንድነት መረመሩ። በ24ቱ ሰዎቹ ሞገዱ መኖሩን ለይተው እንደሚያውቁ ወይም በእርሱ ምክንያት ይበልጥ እንደሚታመሙ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። በቀሩት 7 ከተገኘውም ገሚሱ ሲደገም ጠፋ፣ ገሚሱ በስሌቱ ጉድለት የመጣ ሆነ፣ የተረፈው እርስ በርሱ ተቃረነ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት አቋሙን ሲያሳውቅ ሁለት ነገር አንድ ላይ አስቀመጠ፤ የሰዎቹ ምልክቶች እውነተኛ ናቸው፣ ኑሮንም ሊያሰናክሉ ይችላሉ፤ ምልክቶቹን ከኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ጋር የሚያገናኝ ሳይንሳዊ መሠረት ግን የለም። የካንሰር ጥያቄ የተለየ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ምናልባት ካንሰር ሊያስከትል የሚችል» ከሚለው ምድብ ያስገባው፣ ማስረጃው ውሱን መሆኑን ገልጾ ነው።

በሙከራው ውስጥ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። መሣሪያው ተዘግቶ ሳለ እንደተከፈተ የመሰላቸው ሰዎች በእውነት ራሳቸውን ታመዋል። ሐኪሞች ኖሴቦ የሚሉት ይህ ነው፤ ጉዳትን መጠበቅ በራሱ ሥጋን ያሳምማል። ሰዎቹ አልዋሹም። በግሪን ባንክ ያገኙት እፎይታም ሐሰት አልነበረም፤ ጸጥታ፣ ዕረፍት፣ የሚያምናቸው ጎረቤት አግኝተዋልና። እኔ ምስክርነቱን የምረዳው በዚህ መንገድ ነው።

ከግድግዳው የተገኘው

የሻጋታው ታሪክ ሲጀምር ከማማው ታሪክ አይለይም። የቺካጎው የአለርጂ ሐኪም ቴሮን ራንዶልፍ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ዘመናዊው አካባቢ ራሱ ያሳምማል ብሎ ተከራከረ፤ አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ ሕንፃዎች ይበልጥ ተደፈኑ፤ ከውጭ የሚገባው አየርም እንዲቀነስ ተደረገ። እርጥበቱ ከውስጥ ቀረ። በ1980ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት «የታመመ ሕንፃ» ስለሚባለው ችግር መናገር ጀመረ።

በተራራ አገር ይህ ጉዳይ ይብሳል። ጉም ይበዛል፤ ቤቶች ፀሐይ ዘግይቶ በሚገባበት ጠባብ ሸለቆ፣ በወንዝ ዳር ይሠራሉ። በኅዳር 1985 የግሪንብራየር ወንዝ ሞልቶ የፖካሆንታስ ካውንቲን መቀመጫ ማርሊንተንን አጥለቀለቃት። ውኃ የገባበት ቤት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። ግሪን ባንክና ማርሊንተን በአንድ ካውንቲ ውስጥ ናቸው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ጸጥታዋን ፍለጋ የተሄደባትን ግሪን ባንክን ነው።

ሻጋታም የተጋነነ ክስ ቀርቦበታል። በ1993 እና በ1994 በክሊቭላንድ ከተማ ጥቂት ሕፃናት ሳንባቸው ደም ፈሰሰ፤ ስታኪቦትሪስ የተባለ ጥቁር ሻጋታ ተጠረጠረ፣ ፍርሃቱም አገር አዳረሰ። በ2000 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የቀደመውን ምርመራ እንደገና አይቶ ግንኙነቱ አለመረጋገጡን አስታወቀ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ሻጋታና ማማ አንድ ዕጣ በደረሳቸው ነበር። በ2004 ግን የአሜሪካ የሕክምና ተቋም፣ በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጥናቶችን አሰባስበው እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ከሳል፣ ከትንፋሽ ማፏጨትና ከአስም መባባስ ጋር እንደሚያያዝ በቂ ማስረጃ አለ አሉ። «ጥቁር ሻጋታ ይገድላል» የሚለው ታላቅ ክስ ሳይረጋገጥ፣ «እርጥብ ቤት ያስላል» የሚለው ትንሽ ክስ ጸደቀ። የጸደቀውም ቤቶች ተቆጥረው፣ እርጥበት ተለክቶ፣ የታመመና ያልታመመ ተነጻጽሮ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ መጠገን፣ ውኃውን ማድረቅ፣ አየር ማስገባት።

በእኛ ደጋ

ተራራ፣ አካባቢና ሕመም የሚገናኙበት ታሪክ በአገራችንም አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ የደጋ ገበሬ እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ይህን ዓይነቱን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ብዙዎች እርግማን ነው ወይም በዘር የሚወርድ ነው ሲሉ ኖረዋል፤ ከታመመ ሰው ቤት ጋብቻም ይሸሹ ነበር። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሕመሙ ከአፈሩ ዓይነት ጋር እንደሚሄድ አሳየ። ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ሥርን ያቆስላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መደበው። በቅርብ ዓመታት በተደረገ ግምት በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ይህ ሕመም አለባቸው። መከላከያው ጫማና የእግር ንጽሕና ነው።

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በግሪን ባንክ የሕመሙ ምክንያት ከምርመራ በፊት ስም ወጣለት፤ ምርመራው ሲመጣ ስሙን አልደገፈም። በእኛ ደጋ ደግሞ ምክንያቱ ከእግር ሥር ተኝቶ ሳለ አፈሩን የጠየቀ ሰው ለረጅም ዘመን አልነበረም፤ ጥፋቱ በሕመምተኛው ደም ላይ ተጫነ። በሁለቱም ስፍራ የተሳሳተው ምክንያት ዋጋ አስከፍሏል። አንዱ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ ሌላው በቤቱ ሳለ ተገለለ።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ነገ መዝገብ ይዛችሁ ወደ ገጠር ስትወጡ ሕመሙን የሚነግራችሁ ሰው ታገኛላችሁ። ምን እንደሚሰማው በራሱ ቃል ጻፉ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ የሚለውን በሌላ ገጽ ጻፉ፤ ከማን እንደሰማው፣ መቼ ማመን እንደጀመረም ጠይቁ። ከዚያ ልኬቱን ፈልጉ፤ የአፈሩን፣ የውኃውን፣ የግድግዳውን። የመጀመሪያውን ገጽ በሁለተኛው ምክንያት አትሰርዙ፤ ሁለተኛውንም ስለ መጀመሪያው አዝናችሁ አታጽድቁ።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ዛሬ ያነሣኋቸው ሰዎች በሽታቸውን አልደበቁም፤ በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒቱ የዘገየው አንዳንዴ ሰሚ ስላልነበረ፣ አንዳንዴም የሰማው ሁሉ ሳይመረምር አሜን ስላለ ነው።