የሚናማታ ባሕርና የሐኪሙ ምስክርነት

ሰብዓዊ መብትና የአካባቢ ጥበቃ ለረጅም ዘመን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተደርገው ሲታዩ ቆይተዋል። አንደኛው የሕግ ባለሙያው፣ ሌላኛው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው ድርሻ ነው የሚለው አመለካከት የጤና ባለሙያውን ከሁለቱም ዳር ያቆመ ነበር። በደቡባዊ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት በምትገኘው የሚናማታ ከተማ የደረሰው ጥፋት ግን ሁለቱ ጉዳዮች በሕሙማን አካል ላይ እንደሚገናኙ ለዓለም አሳይቷል።

ቺሶ የተባለው ኩባንያ በሚናማታ ፋብሪካው አሴታልዲሃይድ የተሰኘውን ኬሚካል ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር። ለምርቱ ማፋጠኛነት ሜርኩሪ (ባዜቃ) ያገለግል ስለነበር፣ በሂደቱ የሚፈጠረው ሜቲል ሜርኩሪ ከፍሳሹ ጋር ወደ ባሕር ይገባ ነበር። መርዙም በዓሣና በዛጎል ለበስ እንስሳት ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ፣ ዓሣ የዕለት ምግባቸው ወደሆነው አጥማጆችና ቤተሰቦቻቸው ተሻገረ። በመንደሮቹም ድመቶች እየተንቀጠቀጡና እየተሽከረከሩ ሲሞቱ ይታዩ ጀመር።

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1956 የፋብሪካው ሆስፒታል ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር ሐጂሜ ሆሶካዋ ምንጩ ያልታወቀ የማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት በሽታ መከሰቱን ለአካባቢው ጤና ጽሕፈት ቤት አስታወቁ። የሕሙማኑ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ አካሄዳቸው ሚዛን ያጣል፤ አንደበታቸው ይተሳሰራል፤ የማየት አድማሳቸውም ይጠብባል። በሽታው ተላላፊ ነው የሚል ስጋት በመስፋፋቱ፣ ቤተሰቦቻቸው ከሕመሙ በተጨማሪ የጎረቤት መገለል ደረሰባቸው። በኋላም በእናት ማኅፀን ሳሉ የተመረዙ ሕፃናት በመገኘታቸው፣ የእንግዴ ልጅ ፅንስን ከመርዝ ይከላከላል የሚለው የዘመኑ እምነት ፈረሰ።

የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ መሆኑን እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1959 አመለከቱ። በዚያው ዓመት ዶክተር ሆሶካዋ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ቀላቅለው አንዲት ድመት መገቡ። በሙከራው መዝገብ 400 ቁጥር የተሰጣት ይህች ድመት በጥቅምት ወር የሕሙማኑን ምልክት አሳየች። ሆኖም ውጤቱ በኩባንያው ውስጥ ተደብቆ ቀረ፤ ሐኪሙም ለዓመታት በይፋ አልተናገሩም።

የዚህ ዝምታ ዋጋ ከባድ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1959 ኩባንያው ከሕሙማኑ ጋር የ“ማጽናኛ ገንዘብ” ውል ሲፈራረም፣ ለአንድ ሟች የተመደበው 300,000 የን ነበር። ውሉ የበሽታው መንስኤ ወደፊት የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ ተጨማሪ ካሳ እንዳይጠየቅ የሚያግድ ነበር። ፈራሚዎቹ ችግረኞች ነበሩ፤ የድመቷንም ሙከራ ውጤት አያውቁም። በመሆኑም ከጤንነታቸው ቀጥሎ የተነጠቁት መረጃ የማግኘትና ፍትሕ የመጠየቅ መብታቸውን ነው። ፍሳሹ እስከ 1968 ቀጠለ፤ በ1965ም በሌላ ኩባንያ ምክንያት ተመሳሳይ በሽታ በኒጋታ ተከሰተ። የጃፓን መንግሥት ኩባንያው የበሽታው ምክንያት መሆኑን በይፋ የተቀበለው በመስከረም ወር 1968፣ ምርቱ ከቆመ በኋላ ነበር።

ሕሙማኑ በ1969 ክስ መሠረቱ። ዶክተር ሆሶካዋም በ1970 በካንሰር ታመው ከተኙበት የሆስፒታል አልጋ ስለ ሙከራቸው የምስክርነት ቃላቸውን ሰጡ፤ በዚያው ዓመትም አረፉ። የኩማሞቶ ፍርድ ቤት በመጋቢት ወር 1973 በሰጠው ውሳኔ ኩባንያውን ተጠያቂ ሲያደርግ፣ የ1959ኙንም ውል ውድቅ አደረገ። ለእያንዳንዱ ተጎጂ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የን እንዲከፈልም ወሰነ።

ፍርዱ ከመሰጠቱ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1972፣ የተባበሩት መንግሥታት በስቶክሆልም ባካሄደው ጉባኤ የወጣው መግለጫ፣ ሰው በክብርና በደኅንነት ሊኖርበት በሚችል አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው በመጀመሪያው መርሁ አሰፈረ። የሚናማታ ሕሙማንም ወደዚያው ተጉዘው ሰውነታቸውን ማስረጃ አድርገው ለዓለም አቅርበዋል። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይህንኑ መብት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ የከተማዋን ስም የያዘው የሜርኩሪ ስምምነት ደግሞ በ2017 በሥራ ላይ ውሏል።

ይሁንና ድንጋጌ በራሱ የተመረዘን ወንዝ አያነጥርም። አንድ ዓይነት ሕመም ከአንድ መንደር ሲደጋገም አስቀድሞ የሚያየው በጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ነው። ዶክተር ሆሶካዋ በ1956 ያዩትን ወዲያው አስታወቁ፤ በ1959 ያወቁት ግን በፍርድ ቤት ፊት የወጣው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ባሕሩ መመረዙን፣ ሕፃናትም መታመማቸውን አላቆሙም። የሙያው ኃላፊነት ክብደት የሚለካውም በእነዚህ ዓመታት ነው።