ዋናውና ግልባጩ፤ የኮሚክ ሥዕሎች የእጅ ሥራ እንዴት እንደ ጠፋና እንዴት እንደ ተረፈ

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አንድ ደብዳቤ በተጻፈ ጊዜ ዋናው ለተጻፈለት ይላካል፤ ግልባጩ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ሁለቱም ክብር አላቸው፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ግን ዳኛው «ዋናውን አምጡ» ይላል እንጂ በግልባጩ ብቻ አይረካም። ዛሬ ልንናገርለት ባሰብነው የሥዕል ዓይነት ግን ነገሩ ተገልብጦ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ግልባጩ በሚሊዮን እየታተመ በየቤቱ ሲገባ፥ ሠዓሊው በገዛ እጁ የሠራው ዋናው እንደ ገለባ ተቈጥሮ ተጥሏል፥ ተቈርጧል፥ ተቃጥሏል። ይህም ኮሚክ የሚባለው፥ በአራት ማዕዘን ክፍሎች እየተከፈለ ታሪክ የሚተርከው የጋዜጣና የመጽሔት ሥዕል ነው። የልጆች መጫወቻ ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። እኛም ሁሉ ታላቅ ጥበብ ነው ብለን አንከራከርም፤ ነገር ግን የተናቀ ነገር እንዴት እንደሚጠፋና የተረፈውም በማን እጅ እንደሚተርፍ መመርመር፥ መዝገብ ለሚጠብቀውም ታሪክ ለሚያስተምረውም የሚጠቅም መስሎ ታየን። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሥዕላዊ ትረካን በመጽሐፍ መልክ አስቀድመው ካሳተሙት አንዱ የጄኔቫው መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር ነው፤ ዘመኑም 1830ዎቹ ነበረ። በጋዜጣ ገጽ ላይ ሥር የሰደደው ግን በአሜሪካ ነው። በ1895 ሪቻርድ አውትኮልት የተባለው ሠዓሊ፥ ራሱን የተላጨ፥ ረጅም ቀሚስ የለበሰ አንድ የድኻ ሰፈር ልጅ በጆሴፍ ፑሊትዘር የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ መሣል ጀመረ። የልጁ ቀሚስ በቢጫ ቀለም ከታተመ በኋላ «ቢጫው ልጅ» ተባለና ሕዝቡ እጅግ ወደደው። በ1896 የፑሊትዘር ተወዳዳሪ የነበረው ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ሠዓሊውን በገንዘብ አባብሎ ወደ ራሱ ጋዜጣ ወሰደው። እንግዲህ ሁለት ባለጸጎች ለአንድ ሠዓሊ እስኪሻሙ ድረስ ሥራው የተከበረ ነበረ፤ ሥዕሉ የተሣለበት ወረቀት ግን የሚሻማለት አላገኘም።

አሠራሩን መግለጽ ያስፈልጋል፤ የጥፋቱ ምክንያት ከአሠራሩ የመጣ ነውና። ሠዓሊው ብሪስቶል በሚባል ወፍራምና ለስላሳ ነጭ ወረቀት ላይ መጀመሪያ በእርሳስ ይነድፋል። ከዚያም ብርዕና ብሩሽ በጥቁር ቀለም እየነከረ መስመሩን ያጸናል፤ የተሳሳተውን በነጭ ቀለም ይሸፍናል። ንድፉን በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ የሚሠሩም ብዙዎች ነበሩ፤ የማተሚያ ቤቱ የፎቶግራፍ መሣሪያ ፈዛዛ ሰማያዊን ስለማያሳይ፥ ንድፉን መፋቅ አያስፈልጋቸውም ነበርና። ወረቀቱ ከሚታተመው ሥዕል ይበልጣል፤ የአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች ሠዓልያን እስከ 1967 ገደማ ድረስ የሚሠሩት ከሚታተመው እጥፍ ያህል በሆነ ወረቀት ላይ ነበረ። ሥዕል ሲያንስ የእጅ ጕድለት ይሸፈናል። ከዚህ በኋላ ሥዕሉ ፎቶግራፍ ይነሣል፥ በዚንክ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ይቀረጻል፥ ሰሌዳውም ወደ ማተሚያው ይገባል። ቀለማቱ እንኳ ብዙ ጊዜ በዋናው ወረቀት ላይ አልነበሩም፤ በኋላ በማተሚያ ቤት የሚጨመሩ ነበሩ። ስለዚህ በአታሚው ዓይን የሠዓሊው ወረቀት ግንቡ ካለቀ በኋላ እንደሚፈርስ መወጣጫ እንጨት ነበረ።

ሥዕሉን ለየጋዜጣው የሚያከፋፍሉት፥ ሲንዲኬት የሚባሉት ድርጅቶች፥ ወረቀቱን በየመጋዘናቸው ይከምሩት ነበር። ደብዳቤ ጽፎ ለለመነ አንባቢ ወይም ለባለሥልጣን በነጻ የሚሰጥበት ጊዜም ነበረ። አንዳንድ ሠዓሊ ራሱ ለወዳጆቹ ያድል ነበር፤ «ክሬዚ ካት» የተባለውን ከ1913 ጀምሮ በ1944 እስኪሞት ድረስ የሣለው ጆርጅ ሄሪማን፥ ጥቁርና ነጭ የነበረውን ሥራውን በውሃ ቀለም አስጊጦ ለወዳጆቹ ያበረክት እንደ ነበረ ይታወቃል። የኮሚክ መጽሔት አሳታሚዎች ዘንድ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። አንድ ገጽ በመጋዘን ቦታ ከያዘ፥ በመቀስ ወይም በመቍረጫ መሣሪያ ቈርጦ መጣል የተለመደ ሥራ ነበር። ሠዓሊው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ለገጹ የተቈረጠለትን ዋጋ ተቀብሏልና ወረቀቱም የከፋዩ ነው ይባል ነበር።

«ቢትል ቤይሊ» የተባለውን የወታደር ቀልድ ከ1950 ጀምሮ የሣለው ሞርት ዎከር እንደ ተረከው፥ ከእለታት አንድ ቀን ወደ ሲንዲኬቱ ቢሄድ፥ ከጣራ የሚያፈሰውን ውሃ ለመምጠጥ የሄሪማን ዋና ሥዕሎች ወለሉ ላይ ተነጥፈው አገኘ። ነገሩ የጨርቅ እጥረት አይደለም፤ ወረቀቱ ወፍራም ስለ ነበረ ውሃ የሚመጥ ሆኖ ተገኘ እንጂ። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ የብራና ቅጠል ለከበሮ መጠገኛ ሲውል እንዳየ ሰው ደነገጥን። ዎከር ግን በመደንገጥ ብቻ አልቀረም። በ1974 በኮነቲከት ግዛት በግሪኒች ከተማ የካርቱን ሥዕል ቤተ መዘክር ከፈተ። ቤተ መዘክሩ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ኖረ፤ በ1996 በፍሎሪዳ ሰፊ ሕንጻ ውስጥ ገባ፤ በ2002 ግን ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ። ከ200000 በላይ የሆነው ሀብቱ የትም ሳይበተን በ2008 ወደ ኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ።

የኦሃዮው ቤተ መጻሕፍት የተጀመረው በ1977 ነው፤ «ቴሪና የባሕር ወንበዴዎቹ» የተባለውን የሣለው ሚልተን ካኒፍ ለተማረበት ዩኒቨርሲቲ ሥዕሎቹንና ወረቀቶቹን ሁሉ ስለ ሰጠ። ሉሲ ካስዌል የተባሉት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በሁለት ክፍል የጀመሩት ሥራ ዛሬ ከ300000 በላይ ዋና ሥዕሎች ያሉበት የዓለም ታላቅ ስብስብ ሆኗል። በዚያው ስፍራ የአንድ ሌላ ሰው ድካም አለ። ቢል ብላክቢርድ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ሰው፥ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጦችን በማይክሮፊልም እያነሡ ዋናዎቹን ሲጥሉ አይቶ፥ ልስጠው ሲል ለግለሰብ አይሰጥም፥ ለድርጅት ብቻ ነው ቢሉት በ1968 ቤቱን «አካዳሚ» ብሎ ሰየመና መቀበል ጀመረ። በ1998 ስብስቡ ወደ ኦሃዮ ሲጓዝ ስድስት ታላላቅ የጭነት መኪኖችን ሞልቶ ክብደቱ 75 ቶን ያህል ነበረ። ልብ ይበሉ፤ ብላክቢርድ ያዳነው ግልባጩን ነው። ግልባጩም እንኳ ጠባቂ ካላገኘ እንደሚጠፋ ይህ ሰው ካልነገረን ማን ይነግረን ነበር? ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ የእሑድ ጋዜጦች ቀለም በሙሉ በእርሱ ላይ ጠፍቷል።

ከአሳታሚዎች መካከል ሥዕሉን ያከበረ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ዊሊያም ጌንስ በ1954 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለ አስፈሪ ኮሚኮቹ ተጠየቀ፤ ከዚያም በኋላ መጽሔቶቹ ብዙም ሳይቈዩ ቆሙ። ሠዓልያኑ የሠሩለትን ዋና ገጽ ግን አንድ ሳይጥል አስቀምጦ ኖሮ፥ ከሃያ አምስት ዓመት ያህል በኋላ በጨረታ መሸጥ ጀመረ። የድርጅቱን ሥራ ዛሬ በሙሉ ልናይ የቻልነው አንድ ግትር ሰው መጣል እምቢ ስላለ ነው።

የጃክ ከርቢ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል። በ1917 በኒው ዮርክ ተወልዶ በ1994 የሞተው ይህ ሠዓሊ፥ ከጆ ሳይመን ጋር «ካፒቴን አሜሪካን»፥ ከስታን ሊ ጋር ደግሞ በ1961 «ፋንታስቲክ ፎርን» የፈጠረ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሳታሚዎች አዲስ የተሠሩ ገጾችን ለሠዓልያን መመለስ ጀመሩ፤ በ1978 በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ አዲሱ የደራሲነት መብት ሕግም አሳታሚዎቹን ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት በብርቱ እንዲያስቡ አደረጋቸው። ማርቭል የተባለው አሳታሚ በ1984 የቀድሞዎቹን ገጾች ሊመልስ ሲነሣ፥ ለሌሎቹ ሠዓልያን የአንድ ገጽ ውል ላከ፤ ለከርቢ ግን አራት ገጽ የሞላ ውል ላከና መጀመሪያ ፈርም አለው። የመለስንልህ ተብሎ የተቈጠረለትም 88 ገጽ ብቻ ነበረ፤ እርሱ የሣለው ግን በሺህ የሚቈጠር ነው። ከርቢ አልፈረመም። ባልንጀሮቹ ሠዓልያን በፊርማቸው አቤት አሉለት፤ ነገሩም በሙያው ጋዜጦች ብዙ ተጻፈበት። በ1987 ወደ 2000 የሚጠጋ ገጽ ተመለሰለት። የቀረው የት ገባ ቢሉ፥ ከፊሉ ተጥሏል፥ ከፊሉ ተሰርቋል፥ ከፊሉም በሰብሳቢዎች እጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው የከርቢን የ1960ዎቹ ገጽ በመስተዋት አድርጎ በግድግዳው ላይ ሲሰቅል፥ ከዚያ መጋዘን በምን በር እንደ ወጣ ቢጠየቅ የሚመልሰው ያጣ ይሆናል። እኛ ይህ ጥያቄ ከዋጋው ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል።

ዋጋው ግን ከፍ ብሏል። በ1960ዎቹ ዓመታት የኮሚክ ወዳጆች በኒው ዮርክ ጉባኤ ማድረግ በጀመሩበት ጊዜ፥ አንድ ዋና ገጽ በጥቂት ዶላር ይገዛ ነበር፤ ገዢዎቹም ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በጥር 2022 ማይክ ዜክ በ1984 ከሣለው የ«ሲክሬት ዎርስ» መጽሔት አንድ ገጽ ብቻ በጨረታ 3.36 ሚሊዮን ዶላር ወጣለት። በኤውሮፓም እንዲሁ ነው። ኤርዤ በሚል ስም የሚታወቀው ቤልጂጋዊው ዦርዥ ሬሚ የቲንቲንን ታሪክ በጥር 10 ቀን 1929 ጀመረ። በ1936 «ሰማያዊው ሎተስ» ለተባለው መጽሐፍ የሠራው የመጀመሪያ የሽፋን ሥዕል ለማተም ውድ ነው ተብሎ ሳይታተም ቀረ። በኋላም ለአሳታሚው ልጅ ተሰጠና ልጁ አጣጥፎ በመሳቢያ አኖረው ይባላል፤ ይህን አባባል የሚጠራጠሩ ሊቃውንትም አሉ፤ የመታጠፉ ምልክት ግን በሥዕሉ ላይ በግልጽ ይታያል። በጥር 2021 በፓሪስ ጨረታ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ወረቀቱ ሲጣል ማንም አላየውም፤ ዛሬ በብረት ሣጥን ሲቈለፍም ማንም አያየውም። ለተማሪው ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው።

በዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በረድፍ በረድፍ በተከፋፈሉ፥ ብዙ ጊዜም 44 በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች፥ ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሑፍ እየጨመሩ በሸራ ላይ የሣሉ ሠዓልያን በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ ነበሩ። ኮሚክ የሚለውን ቃል ሳይሰሙ የሠሩት ሥራ ነው። ገዢዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ሸራዎቹ ዛሬ በባዕድ ቤተ መዘክሮችና በግለሰቦች ቤት ተበትነዋል። የአሜሪካው ሥዕል ዋናው ቢጠፋ ግልባጩ ቀርቶለታል፤ የእኛው ሠዓሊ ታሪኩን ደጋግሞ ቢሥለውም እያንዳንዱ ሸራ ዋና ነውና ሲሄድ ግልባጭ አልተወልንም።

ዋናውን ማየት ከግልባጩ ምን ይጨምራል የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱን በዋሽንግተን በአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ማግኘት ይቻላል። በ2008 ስሙ እንዲገለጽ ያልወደደ አንድ ሰው፥ «ስፓይደር ማን» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን የ1962 መጽሔት 24 ዋና ገጾች፥ በስቲቭ ዲትኮ እጅ የተሣሉትን፥ ለዚህ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ሰጠ። ሰውየው ቢሸጣቸው ኖሮ የሚያገኘው ገንዘብ ይህን ያህል ነው ብለን አንገምትም፤ ከዚህ በላይ የጻፍናቸው ዋጋዎች ይበቃሉ። አሁን ገጾቹን ለማጥናት የፈለገ ተመራማሪ ጠይቆ ሊያያቸው ይችላል። በታተመው መጽሔት የማይታየው ነጭ ቀለም ሠዓሊው ሐሳቡን የቀየረበትን ስፍራ ሁሉ ያሳያል። በኅዳጉ ላይም በእርሳስ የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ፤ የተሣለው መኪና ጣራ ያለው እንዲሆን፥ ተሳፋሪዎቹም እጃቸውን ወደ ውጭ እንዳያወጡ ሠዓሊውን የሚያዝ ነው።