የመድኃኒት ዕፅዋት የሰውነትን ኢንዛይሞች እንዴት ይገታሉ?

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ገጠሮች ሕመም ሲሰማ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጥቁር አዝሙድ ማንሣት የቆየ ልማድ ነው። ለመሆኑ ከዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል? አንዱ መንገድ የኢንዛይሞችን ሥራ መግታት ነው።

ኢንዛይም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ሥራውን በብቅል ያውቁታል፤ በብቅል ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ። በሰውነታችንም ምግብን የሚፈጩ፣ መድኃኒትን በጉበት የሚሰባብሩ ሌሎችም በርካታ ኢንዛይሞች አሉ።

ኢንዛይም በጓጉንቸር ሊመሰል ይችላል፤ የሚገጥመው የራሱ ቁልፍ አለው። ባዕድ ንጥረ ነገር በቁልፉ ቦታ ገብቶ ሲቀረቀር ትክክለኛው ቁልፍ መግቢያ ያጣል፤ ሥራውም ይቆማል።

በወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከአኻያ ወገን በሆኑ ዛፎች ቅርፊት የሚገኘው ሳሊሲን በሰውነት ውስጥ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድ ይለወጣል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ኬሚስቶች ከዚህ አሲድ አስፕሪንን ሠሩ። አስፕሪን ሕመምን እንዴት እንደሚያስታግስ ግን እስከ 1971 ድረስ አልታወቀም ነበር። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ጆን ቬን፣ አስፕሪን ሕመምንና ትኩሳትን የሚያባብሱት ፕሮስታግላንዲኖች እንዳይመረቱ እንደሚያግድ አሳዩ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። የሚገታው ኢንዛይም ሳይክሎኦክሲጅኔዝ ይባላል።

ይኸው ኢንዛይም የጨጓራን ግድግዳ ለመጠበቅና ደም እንዲረጋ ለማገዝም ያገለግላል። ስለዚህ አስፕሪን ሕመም ቢያስታግስም ጨጓራን ሊያቆስልና የደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የጉበት ኢንዛይሞችን ይመለከታል። ጥቁር አዝሙድ የተወሰኑ መድኃኒቶችን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞችን ሊገታ እንደሚችል ጥናቶች አመልክተዋል። ኢንዛይሙ ሲገታ የተዋጠው መድኃኒት በደም ውስጥ ይከማቻል፤ አንድ ክኒን የወሰደ ሰው ብዙ እንደወሰደ ያህል ሊጎዳ ይችላል። ስጋቱ የሚጎላው ለወጥና ለዳቦ በሚጨመረው ጥቂት መጠን ሳይሆን እንደ መድኃኒት በብዛት ሲወሰድ ነው።

በመሆኑም የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች የባሕል መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባቸዋል። በጤና ጣቢያም የሚወስዱትን ዕፅ ሳይደብቁ ሊናገሩ ይገባል፤ ባለሙያው መጠኑን በትክክል ማዘዝ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነውና።