ዜና ደብረ እንጦጦ

የእንጦጦን ተራራ ነገር እንጽፋለን። አብያተ ክርስቲያኗንና ቤተ መንግሥቷን፣ ዛፏንና አታክልቷን፣ በእግሩ የሚወጣ ሰው እንደሚያገኛቸው እንናገራለን።

መነሻው የአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ነው። ጥበብና ነጠላ በየደጃፉ ከተሰቀለባት ከዚያች የሸማኔዎች ሰፈር በላይ መንገዱ ዳገት ይሆናል፤ ብርዱም ይበረታል። የተራራው ራስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳልና፣ ከቆላ የመጣ ሰው እያረፈ ይውጣ።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በዚህ ተራራ ከተሙ፤ ዙሪያ ገባውን ሁሉ የሚያሳይ፣ ጠላትንም ከሩቅ የሚገልጥ አምባ ነበርና። የእመቤታችንንም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አጤ ዮሐንስ በመተማ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው ከወደቁ በኋላ፣ በ1882 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ጥቅምት 25 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ አቡነ ማቴዎስ በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ቀብተው ዘውድ ጫኑላቸው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተባሉ። ከሁለት ቀን በኋላም ባለቤታቸው ጣይቱ ብጡል ዘውድ ደፍተው እቴጌ ተባሉ።

ዛሬም ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ሰው ደጁን ተሳልሞ፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል። በአጠገቡ ባለው ቤተ መዘክር የንጉሡና የእቴጌይቱ አልባሳት፣ የቤተ ክርስቲያኑም ንዋያተ ቅድሳት ይታያሉ። ከዚያ አልፎ ቤተ መንግሥቱን ያገኛል። ግርማ ያለው ሕንፃ የጠበቀ ሰው ግን የሚያየው በጭቃ የተመረገ፣ በኖራ የነጣ፣ ሣር የለበሰ ቤት ነው። ያን ዘመን ማወቅ የሚወድ ሁሉ ከሌላው በፊት ይህን ቤት ይይ እላለሁ፤ በአድዋ ድል የነሡት ንጉሥ የኖሩት በእንዲህ ያለ ጣራ ሥር ነበርና።

ጥቂት ሲሄድም የቅዱስ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ንግሡ በርእሰ ዐውደ ዓመት፣ በመስከረም 1 ቀን ስለሆነ፣ ያን ዕለት ዳገቱ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል። ከታችም በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ድውያን ጸበል ይጠመቃሉ።

ነገር ግን በምኒልክ ዘመን ተራራው ብርዱ ጽኑ፣ ውሃው ጥቂት፣ እንጨቱም እያለቀ የሚሄድ ነበር። ዘውዱ ከመጫኑ አስቀድሞ፣ በኅዳር 1879 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ሳለ ስፍራውን ወደዱት፤ ቤትም እንዲሠራላቸው ለመኑ፤ አዲስ አበባም ብለው ሰየሙት። በኋላም መኳንንቱም ሠራዊቱም ተከትለው ወረዱ። በታችም ሆነው ግን ማገዶ አጡ፤ ጥዱና ወይራው ተቆርጦ አልቆ ነበርና። ንጉሡ ከተማውን አዲስ ዓለም ወደሚባል ስፍራ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደረሱ። በዚህ መካከል ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በቅሎ ተገኘ፤ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመትም ለማገዶና ለቤት ይደርሳል። ከተማው በስፍራው ጸና፤ የአዲስ ዓለሙም ቤት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ሥራ ጻፉ፤ እኔ ደግሞ የእንጨት ተሸካሚ እናቶችን ሥራ እጽፋለሁ። አንዲቱ እናት ከቁመቷ የሚረዝም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በጀርባዋ አጋድማ፣ ገመዱን በደረቷ ጠፍራ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁለቱን ስትወርድ የሸክሙ ጫፍ ግራና ቀኙን መንገድ ይጠርጋል። የአዲስ አበባ እንጀራ በነዚህ እናቶች ጀርባ ስንት ዘመን ተጋገረ! እንጦጦን የሚጎበኝ ሰው መንገድ ይልቀቅላቸው፤ ስማቸውንም በክብር ያንሣ።

በ2013 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ በዚሁ በባሕር ዛፉ ጫካ ውስጥ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ሰው ብዙ ይሄድበታል፤ መንገዱም መልካም ነው። ልቤ የሚያደላው ግን ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ የመሠረቱት ይህ ስፍራ 705 ሄክታር ነው። በዚያም ከባሕር ዛፉ አስቀድሞ ተራራውን የሸፈኑት ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ዳግመኛ ይተከላሉ፤ ይጠበቃሉም።