የጣት ዋጋ ስንት ነው?

ሐዋሳና የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እኩያሞች ናቸው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ሕግም በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ታወጀ። ይህን ግጥምጥሞሽ ያገኘነው ተመራማሪ ስለሆንን አይደለም። ጎረቤታችን ጣቷን ስላጣች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ የምንከራይበት ግቢ፣ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ግቢዎች፣ ከትልቁ ቤት ጀርባ የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። በአንዷ ክፍል ሦስት ልጆች ይኖራሉ፤ ሦስቱም ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። አንድ ፍራሽ ይጋራሉ (ሥራቸው በፈረቃ ስለሆነ ፍራሹም በፈረቃ ነው)። አንድ ማታ አንደኛዋ እጇን በፋሻ ጠቅልላ መጣች። የጨርቅ መቁረጫው የቀኝ እጇን ሌባ ጣት ከመሐሉ ወስዶታል። ከሳምንት በኋላ ወረቀት ይዛ በራችንን አንኳኳች። ወረቀቱ የሕክምና ወጪዋ እንደተሸፈነላትና ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ እንደሌላት ይናገራል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። «ልፈርም ወይስ ልተው?» አለችን።

እኛ እንግዲህ የግቢው «ምሁራን» ነን። ጋዜጠኝነት ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብለን መጠየቅ እናውቃለን። «ስንት?» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ዝም አልን። ዝምታችን ስላሳፈረን ማንበብ ጀመርን።

ድሮ ሙግት አፍ ለታደለው ነበር። በ«በላ ልበልሃ» ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው፣ ነገራቸውን በምሳሌና በቅኔ እያጠነከሩ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ ይከራከሩ ነበር። መንገደኛው እንኳን «በሕግ አምላክ» ከተባለ ቁጭ ብሎ ይፈርዳል። ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር አብሮ የሚታሰርበት ሥርዓት «ቁራኛ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» ስንል ከዚያ የተረፈችውን ቃል ነው የምንጠራው። አፍ የሌለው ሰው አፍ ያለውን ይዞ ይቀርባል። ጠበቃ ማለት ይሄው ነበር፤ ወረቀት ሳይሆን ምላስ ያለው ሰው። በአገር ውስጥ የሕግ ዲግሪ የሚሰጥ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ።

በዚህ በእኛ አካባቢ ደግሞ የሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሶንጎ፣ ነበረ፤ አሁንም አለ። ነገር የሚጀመረው «አፊኒ?» ተብሎ ነው፤ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደማለት ነው። ሁሉም ሰምቶ፣ ሁሉም ተናግሮ፣ እውነቱ (ሀላሌው) እስኪወጣ ይኬዳል። ስርዓቱን እናከብረዋለን። ግን የሚሠራው በዳይና ተበዳይ ነገም በአንድ መንደር የሚውሉ ሲሆኑ ነው። ፋብሪካ ሽማግሌ ልከህበት ቡና አብረህ የምትጠጣው ጎረቤት አይደለም።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም። አውሮፓም ማሽን ሲገባ ግራ ተጋብታለች። በድሮው ሕግ አካሉን ያጣ ሠራተኛ የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት። ማስረጃው ያለው ፋብሪካው ውስጥ፣ ምስክሮቹም የፋብሪካው ደመወዝተኞች! ጀርመን በቢስማርክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ የሥራ ላይ አደጋ መድን ሕግ ስታወጣ የተቀየረው ይሄ ነው፤ ጥያቄው «ጥፋቱ የማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ጉዳቱ የደረሰው በሥራ ላይ ነው ወይ?» ሆነ። ለማንም ከባድ ለውጥ የማይመስል የአንዲት ጥያቄ ለውጥ ናት። ለጎረቤታችን ግን ዋናው ነገር እሷ ናት።

ወደ አገራችን እንመለስ። የ1952ቱ ሕግ መነሻው «በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ» የሚል ነው። ያለ ጥፋት የሚጠየቁትንም ጨምሯል፤ ለምሳሌ የማሽንና የመኪና ባለቤት። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሣ ግን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በዚያን ጊዜ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አሞራ ገደል ለአራት ጓደኛሞች የዓሣ ምሳ ይብቃ አይብቃ እንጃ።

ሠራተኛውን ራሱን ከሕግ ፊት ያቆሙት ግን ሕግ አርቃቂዎች ብቻ አልነበሩም። የሠራተኛ ማኅበር ሕጋዊ ከመሆኑ በፊት ሰዎች በእድር መልክ ይሰባሰቡ ነበር። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው የደች ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው። በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተቋቋመ፣ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱም ከወንጂ የመጡት አብርሃም መኮንን ነበሩ። በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለ። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ የገባን ነገር ቢኖር ማኅበር የሠራተኛው የመጀመሪያ ጠበቃ እንደነበረ ነው። ብቻውን የቆመ ሠራተኛ ጠበቃ መግዛት አይችልም፤ ሺህ ሆኖ ሲያዋጣ ግን ይችላል። ኢሠአማ ጉልበቱን በየካቲት 1966ቱ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አሳየ። ደርግም ይህን ጉልበት አይቶ ነው መሰል፣ በ1968 አዲስ የሠራተኛ አዋጅ አወጣ፣ ኢሠአማን አፈረሰና በ1969 የራሱን መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተከለ። ማኅበሩ ቀረ፣ ጠበቃነቱ ሄደ ብንል አናጋንንም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ እንለፈው፤ የ1985 አዋጅ (ቁጥር 42)፣ የ1996 (ቁጥር 377)፣ አሁን የምንሠራበት የ2011 (ቁጥር 1156)። ሦስቱም አዋጆች ላይ የማይነቃነቀው ሐሳብ ያ የጀርመን ሐሳብ ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ይጠየቃል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ የተነገረውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከተጎዳ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ከገባ ነው። (ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ስትመላለሱ የሚደርስ አደጋም የሥራ ላይ አደጋ ነው። ማለዳ በሰርቪስ የምትሄዱ ይህችን ያዟት።)

አሁን ወደ «ስንት?» ደረስን። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጪ ከሆነ ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። ከፊል ከሆነ የሕክምና ቦርድ በሚሰጠው መቶኛ ይሰላል። እንግዲህ ወርሃዊ ደመወዟ 1,000 ብር የሆነች ልጅ ሙሉ ካሣዋ 60,000 ብር ነው። ቦርዱ 10 በመቶ ካለ 6,000።

እዚህ ላይ ካልኩሌተሩን አስቀምጠን ተያየን። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ መስህብ ርካሽ የሰው ጉልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት የልብስ ሠራተኞቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈው ነበር። ያኔ ክርክሩ ስለ ኪራይና ስለ ምግብ ነበር። ካሣ በደመወዝ እየተባዛ እንደሚሰላ ያነሳ ሰው አልሰማንም። ደመወዝ ርካሽ ከሆነ ጣትም ርካሽ ነው። ጣት ርካሽ ከሆነ ደግሞ ከ6,000 ብር ላይ ድርሻውን ቆጥሮ ለወራት ፍርድ ቤት የሚመላለስ ጠበቃ ከየት ይመጣል? የ2011 አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። ይህ የደመወዝ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባን በጎረቤታችን እጅ ነው።

ሕግ አውጪው በሩን አልዘጋም፣ ይህን መካድ ነውር ነው። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም። የሥራ ክርክር ችሎት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ታዟል። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አድርጎ ነበር። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ግን በሩ ክፍት ቢሆንም ከበሩ ወዲህ ሰዓት የሚቆጥር አለ። ከሥራ በሕገ ወጥ መንገድ የተባረረ ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት ያለው ሦስት ወር ነው። ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት ስድስት ወር። ለሌላው በጠቅላላው አንድ ዓመት። «እስኪሻለኝ ልጠብቅ» ያለ ሰው ሲሻለው መብቱ አልቆ ያገኘዋል። አሠሪውም ሁልጊዜ አይጠብቅም፤ ፒቪኤች በኅዳር 2014 ከፓርኩ ወጥቷል፣ የአጎዋ ዕድልም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ታግዷል።

ለዚህ ነው በነገረ ፈጅና በጠበቃ መካከል፣ በጠበቃና በጠበቃ መካከልም ልዩነት ያለው። ፍቃዱን «አሳዩኝ» ማለት ነውር አይደለም። ክፍያው፣ ይግባኙን ይጨምር አይጨምር፣ ከሚገኘው ላይ ስንት እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ውል ይሁን። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም ከ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የሰበር ቅጾችን የሚያገላብጥ ጠበቃና ችሎት ላይ ድምፁን ብቻ ከፍ የሚያደርግ ጠበቃ አንድ አይደሉም። ሌላም አለ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ሕግ ስለታቀፈ «ካሣው ከአሠሪው ነው ወይስ ከጡረታው?» የሚለውን ለይቶ ማወቅ የግድ ነው። የበላ ልበልሃ ዘመን አልፏል፤ ምላስ ብቻውን አይበቃም።

ጎረቤታችን ወረቀቱን አልፈረመችም። በነፃ ሊያያት ፈቃደኛ የሆነ ጠበቃ ጋ ስንወስዳት ስለ ጣቷም፣ ስለ ደመወዟም አልጠየቃትም። የመጀመሪያ ጥያቄው «የተጎዳሽው በስንተኛው ቀን ነው?» የሚል ነበር። ቀኑን ነገረችው፤ ጻፈው፣ ከዚያም «የሕክምና ቦርድ ወረቀት ካላወጣሽ ነገ ሂጂ» አላት። ለቦርዱ ቀጠሮ የተሰጣት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የዚያ ቀን ተረኛ ከሆነችው የክፍል ጓደኛዋ ይልቅ ከእኛ አንዳችን አብረናት እንሄዳለን።